አረንጓዴ ሠርግ በድሬዳዋ ሙቀት፦ ከጨርቁ በፊት ቅጠሉን ምረጪ

ጥያቄ፦ «ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ በግንቦት ወር ድሬዳዋ ውስጥ ነው። ቦታው ከዚራ አካባቢ ያለ የሆቴል አትክልት ስፍራ ሲሆን ዝግጅቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ይጀምራል፤ 300 ያህል እንግዳ እንጠብቃለን። መልሱ በማግስቱ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ባለ የዘመድ ቤት ይሆናል። የሠርጌ ቀለም አረንጓዴና ቅጠል ብቻ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ዲኮር የሚሠራልን ሰው በፕላስቲክ ቅጠል ግድግዳና በአረንጓዴ ድንኳን እንጨርሰው ይላል። እናቴ ደግሞ ‘አበባ የሌለበት ሠርግ የት ታየ? የከብት መኖ ልታስመስይው ነው?’ ብላ ተቆጥታለች። ለሚዜዎቼ ጨርቅ ልገዛ ስለሆነ የትኛውን አረንጓዴ ልምረጥ? እውነተኛ ቅጠልስ ሙቀቱን ይችለዋል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጨርቁን ለጊዜው ተዪው። በአረንጓዴ ሠርግ ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር የቅደም ተከተል ነው። ሙሽራዋ መጀመሪያ የሚዜዎቹን ጨርቅ ትገዛለች፤ ከዚያ ለጠረጴዛውና ለመድረኩ ተመሳሳይ ጨርቅ ይፈለጋል፤ ቅጠሉ የሚታሰበው ሠርጉ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያኔ የተገኘው ቅጠል ከጨርቁ ጋር ይጣላል፤ ከጨርቁ ጋር የሚስማማው ደግሞ እንግዳ ሳይገባ ይጠወልጋል። ገበያው ውስጥ ጨርቅ በብዙ ዓይነት አረንጓዴ ይገኛል። በግንቦት ድሬዳዋ ላይ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ሳይጠወልግ የሚቆም ቅጠል ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በጥቂቱ ነገር እንጀምርና ብዙው ይከተለን።

ሐሳብሽ በራሱ ለድሬዳዋ የሚስማማ ነው፤ እንዲያውም ከአበባ ሠርግ ይበልጥ። ጽጌረዳው የሚመጣው ከሆለታ፣ ከሰበታ ወይም ከዝዋይ አካባቢ እርሻዎች ነው። ከተቆረጠ በኋላ መቆየት ያለበት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ ሲሆን፣ ድሬዳዋ ሲደርስ የሚቀበለው ወደ 35 ዲግሪ የሚጠጋ የግንቦት ቀን ነው። ጠዋት ያማረው አበባ ማታ አንገቱን የሚደፋው ለዚህ ነው። ወፍራም ቅጠል ያላቸው የቆላ ዛፎች ግን ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት በዚሁ ፀሐይ ውስጥ ነው።

የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከሥሩ ውኃ አያገኝም፤ በቅጠሎቹ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ግን ውኃ ማትነኑን ይቀጥላል። የሚወጣው ከሚገባው ሲበልጥ ይጠወልጋል። ሙቀቱ፣ ደረቁ አየርና ነፋሱ ይህን ያፋጥኑታል። ስለዚህ ስለ መልኩ ከማሰብሽ በፊት ቅጠሉን በጣትሽ ያዥው። ወፍራም፣ ሲታጠፍ የሚሰበር፣ ላዩ ሰም የተቀባ የሚመስል ከሆነ ይሆናል። ስስና ለስላሳ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሆቴሉ አትክልት ስፍራ አይሆንም። በአንድ ዛፍ ላይ እንኳ ለጋውና የበሰለው ቅጠል እኩል አይቆዩም፤ ለጋው ሁልጊዜ ቀድሞ ይወድቃል። ካላመንሽኝ ከምታስቢው ቅጠል ሁሉ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ያለ ውኃ በረንዳ ጥላ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አስቀምጪ። ፈተናው መደረግ ያለበት ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ሐረር ላይ የተደረገ ፈተና ያሞኝሻል።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ማንጎ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ማንጎ ያለበት ግቢ መፈለግ አያደክምም፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ ጥቂት ቅርንጫፍ መግረዝ ደግሞ ዛፉን አይጎዳውም። ቅጠሉ ረጅም፣ ጠንካራና ጥቁር አረንጓዴ ስለሆነ ለመድረኩ ጀርባ ጥልቀት ይሰጣል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ጫፉ ላይ የሚወጣው ወደ መዳብ የሚያደላው ለጋ ቅጠል ቶሎ ስለሚንጠለጠል አስቀድሞ ይቀንጠስ። ሲቆረጥ የሚፈሰው ወተት መሰል ፈሳሽ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጨርቅም ያበላሻል፤ ቅርንጫፎቹ ፈሳሹን እስኪጨርሱ ድረስ ከጠረጴዛ ልብስ ርቀው ይቀመጡ። ሎሚና ብርቱካን ከማንጎ ይልቅ አንጸባራቂ ናቸው፤ ሽታቸውም ደስ ይላል፤ ግን እሾሃቸው በመቀስ ካልተነሣ የቬሎሽን ዳንቴል ይቀዱታል። ዘንባባ ያለ ውኃ እንኳ አንድ ምሽት ይቆማል፤ መግቢያው ላይ በትልቁ ለሚታይ ነገር ከእሱ የሚሻል የለም።

ድሬዳዋ የማትሰጥሽን ቀለም ደጋው ይሰጥሻል፤ እሱም ብርማ አረንጓዴ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ነጭ ባህር ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው። ትልቁ ዛፍ ላይ ያለው ረጅሙና ቀጭኑ ቅጠል ለኛ አይጠቅምም። የምንፈልገው ከተቆረጠ ጉቶ ላይ እንደገና የሚያቆጠቁጠውን ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱን አቅፎ የሚወጣ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ሰማያዊ አረንጓዴ። በውጭ አገር ሠርጎች ፎቶ ላይ የምታዪው፣ በእቅፍ ተቆጥሮ የሚሸጠው ብርማ ቅጠል የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እኛ ማገዶ እናደርገዋለን። ቆላ ላይ የሚተከለው ቀይ ባህር ዛፍ ይህን ቅጠል አይሰጥሽም፤ ስለዚህ ወደ ሐረማያና ወደ ሐረር በኩል ባህር ዛፍ የሚያለማ ገበሬ ፈልጊ። የዚህ ቅጠል ትልቁ ጥቅም ሲደርቅም ቅርጹንና ቀለሙን ብዙም አለመልቀቁ ነው። ጉዳቱ ሽታው ነው፤ ኬክና ምግብ አጠገብ አይደረግ።

ወይራም ከደጋው ይመጣል። ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ታቹ ወደ ቡናማ የሚያደላ ስለሆነ ነፋስ ሲነካው ሁለት ቀለም ያሳያል፤ በጣም እወደዋለሁ። ግን ከሰው ይዞታ በስምምነት የተገረዘ ይሁን። ለአንድ ምሽት ፎቶ ብሎ ከደን ያለ ፈቃድ ወይራና ጥድ መቁረጥ ሕግም አይፈቅድም፣ እኔም አልሠራበትም።

ለጠረጴዛው ደግሞ ብዙዎች የማያስቡት የጥብስ ቅጠል አለ። ግራጫ ያለበት ጠንካራ አረንጓዴ ነው፤ ሙቀት አይፈራም፤ ገበያው ውስጥ በየቀኑ ይገኛል። እንግዳው ገና ሲቀመጥ ጥብስ ጥብስ ሊሸተው ይችላል፤ በሠርግ ላይ ይህ መቼም ነውር አይደለም።

አሁን ደግሞ የሚተዉትን ልንገርሽ። ፈርን በፎቶ ላይ ያምራል፤ በደረቅ አየር ግን ከውኃ ከወጣ ብዙ አይቆይም፣ ጠርዙ ይጠቀለላል። ኒም በከተማዋ መንገዶች ዳር ሞልቷል፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን ቶሎ ይንጠለጠላል። በከተማዋ ስም የሚጠራው የድሬዳዋ ዛፍም ቅጠሎቹ ደቃቅ ስለሆኑ ከተቆረጡ በኋላ ይከደናሉ፣ ከዚያም ጠረጴዛው ላይ ይረግፋሉ። ከከተማው ወጣ ስትዪ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የምታዪው ፕሮሶፒስ ነጻ ነው ብሎ የሚያመጣልሽ ሰው ካለ እሾሁን አሳዪው። ከሁሉ በላይ የምከለክልሽ ቅንጭብን ነው። ለአጥር የሚተከለው ይህ ተክል ሲሰበር የሚያወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ቅርጹ ዘመናዊ ስለሚመስል ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡ ዲኮር ሠሪዎች አሉ፤ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ሠርግ ላይ አይሞከርም።

ስለ ጤና አዳም ለብቻው መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በሙሽራውና በሚዜዎቹ ደረት ላይ እንዲሰካ እኔው ራሴ እመክራለሁ። ደቃቅ፣ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ሽታው ከቡናችን ጋር የተቆራኘ ቅጠል ነው። ነገር ግን ጭማቂው ባዶ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ቆዳውን ያቆስላል፤ ውኃ የቋጠረ ቁስል እስከማውጣት ይደርሳል። ስለዚህ በኮት ላይ እንጂ በፀጉርሽ፣ በአንገትሽ ወይም በእጅሽ ላይ አይሁን። የሚያስሩት ልጆችም ወደ ፀሐይ ከመውጣታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ቅጠሉ ከተመረጠ የሚቀረው ትኩስነቱን ጠብቆ ማድረስ ነው፤ በዚህ ጉዳይ በአካባቢያችን ከጫት ነጋዴዎች የሚበልጥ ባለሙያ የለም። ከአወዳይ ተነሥቶ ድሬዳዋ፣ አልፎም ጅቡቲ የሚደርሰው ቅጠል ዋጋ የሚያወጣው ትኩስ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ስለሆነ ሙያውን ገበያው አስተምሯቸዋል። ፀሐይ አያሳዩትም፤ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልሉታል፤ እርጥበቱን ይጠብቁለታል፤ መንገድ ላይ አያዘገዩትም። አንቺም ይህንኑ አድርጊ። ከደጋ የሚመጣው ቅርንጫፍ በሠርጉ ዋዜማ ፀሐይ ስትበርድ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ይቆረጥ። ወዲያው ንጹሕ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይግባ፤ ውኃው ውስጥ የሚጠልቀው ቅጠል ሁሉ ይራገፍ፣ አለበለዚያ በስብሶ የግንዱን ቱቦ ይዘጋዋል። ሌሊቱን በደጋው ቅዝቃዜ እዚያው ይጠጣ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ የደንገጎን ቁልቁለት ይውረድ። ሐረርና ድሬዳዋ የሚራራቁት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ፀሐይ ሳትበረታ ይደርሳል። ክፍት መኪና ላይ ያለ ሽፋን የተጫነ ቅጠል ግን የመንገዱ ነፋስ ያደርቀዋል፤ ውኃ ውስጥ ቢገባም ሁሉም አያገግምም።

ድሬዳዋ ሲደርስ የግንዱ ጫፍ አግድም ሳይሆን በሰያፍ እንደገና ይቆረጥና እስከ ከሰዓት በኋላ በጥላ ክፍል ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ። የአየር ማቀዝቀዣው ወይም የማራገቢያው ነፋስ በቀጥታ አያግኘው። መድረኩን መሥራት ከ8 ሰዓት ጀምሮ በጥላ ሥር ይቻላል፤ ጠረጴዛዎቹ ግን ከ10 ሰዓት በፊት አይነኩ።

ውኃ መርጨትን በተመለከተ ከብዙዎች እለያለሁ። የከተማችን ውኃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቂዋለሽ። በጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ላይ ሲረጭና ሲደርቅ ያው ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል፤ በፍላሽ ብርሃን ደግሞ አቧራ ይመስላል። የሚረጨው የተጣራ ውኃ ይሁን፤ አለበለዚያ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። ዘይት ቀብቶ ማብለጭለጭ የሚወዱ አሉ። አቧራ ይሰበስባል፣ ልብስ ይነካል፤ አትፍቀጂላቸው።

ወደ ዲኮር ሠሪሽ ሐሳብ ልምጣ። አረንጓዴውን ድንኳን እምቢ በይ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ከላይ ባለ ጨርቅ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ብርሃን የጨርቁን ቀለም ይዞ ይወርዳል፤ ነጩ ቬሎሽ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ የሰው ፊት ደግሞ የታመመ ይመስላል። ፎቶ አንሺው በኋላ ላስተካክለው ቢል ፊትሽን ሲያስተካክል የቅጠሉን አረንጓዴ ያደበዝዝብሻል። ስለዚህ አረንጓዴ ከኋላና ከጎን ይሁን፤ ከላይ ነጭ ወይም የክሬም ቀለም ይሁን። ከታች የሚበራ አረንጓዴ መብራትም ያው ነው፤ መብራት ሠራተኛው ‘ከቀለሙ ጋር እንዲሄድ’ ብሎ ሊያበራልሽ ይፈልጋል፤ ከወዲሁ ንገሪው። ድሬዳዋ ላይ በግንቦት ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ አብዛኛው ዝግጅትሽ የሚያልፈው በአምፑል ብርሃን ነው። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን የተጻፈበት ሞቅ ያለ አምፑል ለፊት ያምራል፤ ቅጠሉን ግን ትንሽ ወደ ቢጫ ይጎትተዋል። ብርማው ባህር ዛፍ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል፤ ቢጫው ውስጥ ሳይዋጥ ለብቻው ይታያል።

ፕላስቲክ ቅጠልን ፈጽሞ አልጠላም። ሁለት አረንጓዴዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ልዩነታቸው ይታያል። የፕላስቲክ ግድግዳ የሚጋለጠው በዚህ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አረንጓዴ ብቻ ነው፤ እውነተኛ ቅርንጫፍ ደግሞ ላይና ታቹ፣ ለጋውና የበሰለው ይለያያል። በዚያ ላይ አራት ማዕዘን ሰሌዳዎቹ የሚገጣጠሙበት መስመር በፎቶ ላይ ይታያል። ሰውየው ግድግዳውን አስቀድሞ ገዝቶት ከሆነ ከሰው ቁመት በላይ ይስቀለው፤ ከወገብ እስከ ራስ ያለውን፣ ሙሽሮች የሚቀመጡበትንና ሰው እጁን ዘርግቶ የሚነካውን ክፍል በማንጎና በባህር ዛፍ ይሸፍነው።

እንዲያውም ከፕላስቲክም ከተቆረጠ ቅጠልም የሚሻል አለ፤ በማሰሮ ያለ ተክል። ችግኝ ጣቢያዎች ዘንባባ፣ ፊከስና ሳንሰቪየራ በማሰሮ ያከራያሉ፤ ባያከራዩም ተነጋግሮ መከራየት ይቻላል። ሥር ያለው ተክል ውኃ እስካገኘ ድረስ አይጠወልግም። መግቢያው፣ የመድረኩ ግራና ቀኝ፣ የምግብ ጠረጴዛው ጀርባ በማሰሮ ቢያዝ የሚቆረጠው ቅጠል በእጅጉ ይቀንሳል። ማሰሮዎቹን በነጭ ጨርቅ ወይም በሰሌን መጠቅለል በቂ ነው።

ስለ ብዛት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 300 እንግዳ በ10 በ10 ቢቀመጥ 30 ጠረጴዛ ነው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የቅጠል ሐረግ ቢጋደም 45 ሜትር ይሆናል። ለአንድ ሜትር የክንድ ርዝመት ያላቸው ከ8 እስከ 10 ቅርንጫፎች ብናስብ ከ360 እስከ 450 ይሆናል፤ ያውም ውኃ ሳያገኝ ጠረጴዛ ላይ የሚጋደም። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ገንዘብን ሜዳ ላይ መበተን ነው። ሐረጉን ለሙሽሮች ጠረጴዛ ብቻ አድርጊው። ለሌሎቹ ውኃ የያዘ ትንሽ ጠርሙስ፣ ሦስት አራት ቅርንጫፍና ሻማ ይበቃል። አበባ የሚሰካበትን አረንጓዴ ስፖንጅ ዲኮር ሠሪው ከተጠቀመ ውኃው ላይ አስቀምጦት ራሱ እስኪሰጥም ይጠብቅ፤ በእጅ ተደፍቆ የገባ ስፖንጅ መሐሉ ደረቅ ሆኖ ይቀርና ቅርንጫፉ በውኃ መሐል ይጠማል።

አሁን ጨርቁ። የመረጥሻቸውን ቅጠሎች ይዘሽ ወደ ሱቁ ሂጂ፤ የስልክ ፎቶ አይሁን፤ የስልክሽ አረንጓዴና የነጋዴው ስልክ አረንጓዴ አንድ አይደሉም። ጨርቁን ደጅ አውጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው፤ ከዚያ ቢጫ አምፑል ሥር እዪው። በፀሐይ አንድ የነበሩ ሁለት አረንጓዴዎች በአምፑል ሥር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ቀለማቸው የተሠራበት ንጥረ ነገር ስለሚለያይ ነው። ሚዜዎችሽ የሚቆሙት ጥቁር አረንጓዴ ማንጎ ፊት ለፊት ስለሆነ ያንኑ ቀለም ከለበሱ ቅጠሉ ውስጥ ይጠፋሉ፤ ፎቶው ላይ ፊትና እጅ ብቻ ይቀራል። የባህር ዛፉን አመድማ አረንጓዴ ይልበሱ፤ ወይም የጠራውንና ደማቁን የዕንቁ አረንጓዴ። ለእኛ ቆዳ ሁለተኛው ይበልጥ ያምራል ባይ ነኝ፤ የፈዘዘው ሚንት ግን ፊትን ያደበዝዛል። ከፋይ ጨርቅ በግንቦት ድሬዳዋ ላይ ቅጣት ስለሆነ ቀላልና አየር የሚያስገባ ጨርቅ ይሁን። ለመልሱ የሐበሻ ቀሚስ የምታሠሪ ከሆነ ለሸማኔው የክር ናሙና ስጪው፤ ጥለቱ ከሁለት አረንጓዴ እንዲሠራ፣ በመሐሉ ወርቅማ ክር ቢገባ እመርጣለሁ።

ከአረንጓዴው ጋር ምን ይሂድ ለሚለው መልሴ ነጭ፣ ክሬምና ጥቂት ወርቅ ነው። ቢጫና ቀይ አበባ አብረው እንዳይገቡ ግን አደራ። አንድ ዘመድ ቀይ ጽጌረዳ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ቢጫ ሻማ ያስቀምጣል፣ ከአረንጓዴው ጋር ሲገጥሙ ቦታው የሰንደቅ ዓላማ ቀን ይሆንና ሁሉም መድረኩ ላይ ንግግር የሚያደርግ ባለሥልጣን ይጠብቃል።

እናትሽ ያሉትን ቀላል አድርጌ አላየውም። እሳቸው የሚፈሩት ሰው ‘አቅም አጥተው ነው’ እንዳይል ነው። መጀመሪያ ግን የራሳቸውን ዘመን አስታውሻቸው። የኪራይ ድንኳን ከመለመዱ በፊት ሠርግ የሚደገሰው በዳስ ነበር፤ ዳስ ደግሞ በቅርንጫፍና በቅጠል የሚሸፈን ነው። ቡና ሲፈላ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ በኦሮሞ ወግ እርጥብ ሣር ይዞ መመረቅ አለ፤ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችሁም አረንጓዴ የተከበረ ቀለም ነው። ድሬዳዋን በመሰለች ከተማ ሁሉም እንግዳ በየራሱ ደግ ነገር የሚተረጉመው ከዚህ የተሻለ ቀለም አላገኝልሽም።

ከዚያ ደግሞ ትንሽ ተሸነፊላቸው። ነጭ አበባ ሦስት ቦታ ይግባ፦ በእጅሽ እቅፍ፣ በኬኩ ጠረጴዛና ከመቀመጫችሁ ግራና ቀኝ። ዓይን የሚያርፈው፣ ዘመድ ፎቶ የሚነሣው እዚያ ነው። ነጭ ጽጌረዳ ጂፕሶፊላ ከሚባለው ደቃቅ ነጭ አበባ ጋር ቢሆን፣ መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ከአዲስ አበባ በማለዳ በረራ ደርሶ እስከ ማታ በቀዝቃዛ ክፍል ሊቆይ ይችላል። የቡናውንና የቄጠማውን ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ስጪያቸው፤ እንዴት እንደሚሠራ ከእኔም ከዲኮር ሠሪውም ይበልጥ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ለምኚያቸው፤ ቄጠማው አንቺ በምታልፊበት መንገድ ላይ አይጎዝጎዝ። እርጥብ ቄጠማ በባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ያንሸራትታል፤ ሲረገጥም ለቬሎ ጫፍ በቀላሉ የማይለቅ አረንጓዴ ቀለም ይሰጣል።

የሐረሩ መልስ ሌላ ሥራ ነው፤ ደግነቱ ከሠርጉ ይቀላል። ቤቱ የቆየ የሐረሪ ቤት ከሆነ ቀይ መደብ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ባለ ኅብር ሰፌዶችና ሳህኖች ያሉት በመሆኑ የተጌጠ ቤት ውስጥ ነው የምትገቢው። እዚያ ላይ የቅጠል ግድግዳ ማቆም ሰፌዶቹን መሸፈን ነው፤ ለባለቤቶቹም ክብር አይሆንም። ቀይና አረንጓዴ እርስ በርስ ስለሚደማመቁ ጥቂት አረንጓዴ ብዙ ይሠራል፤ በበሩ ጉበን ላይ አንድ የወይራ ሐረግ፣ በመደቡ ጫፍ ላይ ሁለት የናስ ዕቃ ከነባህር ዛፉ፣ ከዚያ በላይ አይጨመር። ግድግዳው ላይ ሚስማር አይመታ፤ ባለቤቶቹ ለሰፌዶቹ የሰቀሏቸው ማንጠልጠያዎች አሉ፤ አስፈቅዳችሁ በእነሱ ተጠቀሙ።

የጀጎል መተላለፊያዎች ጠባብ ስለሆኑ ዕቃው ከበሩ ጀምሮ በሰው እጅ ነው የሚገባው፤ ትልቅ ቅስትና ማሰሮ ይዛችሁ አትሂዱ። የማንጎው ቅጠል ከድሬዳዋ ሙቀት በኋላ ለሁለተኛ ቀን አይበቃም፤ ባህር ዛፉና ወይራው ግን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ካደሩ ይደግማሉ። ከሠርጉ ማብቂያ ላይ ሁሉም ሰው በጭፈራ ላይ ስለሚሆን፣ እነዚህን ሰብስቦ ባልዲ ውስጥ የሚያስገባና ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ይዞ ወደ ሐረር የሚወጣ አንድ የማይጠጣ ዘመድ ከአሁኑ መድቢ።